ጀርመኑ የሣለው ጥድ

እሑድ፣ ጥቅምት 16 ቀን 1825 እ.ኤ.አ.

ይህን ንግግር በቃሌ ላደርገው ነበር ሐሳቤ። አልቻልኩም። ከትናንት ወዲያ ጀምሮ ጓዳ ገብቼ ለድስቶቹ ስናገር ደህና ይወጣልኝ ነበር። ሰው ፊት ግን እንደማይወጣልኝ ስለማውቅ ጻፍኩት። ከወረቀቱ ቀና ሳልል ባነብ ኩራት እንዳይመስላችሁ። ፈርቼ ነው።

ክቡራትና ክቡራን፣

እትዬ ቴክላ፣ እባክሽ ከአሁኑ አትሳቂ። ገና መጀመሬ ነው። የቄሱ እኅት "ንግግር እንዲህ ነው የሚጀመረው" ብላኝ ነው። ፊደል ያስቆጠረችኝ እሷ ስለሆነች አምናታለሁ። ደግሞም እውነቴን ነው፤ በመንደራችን በሮካሜንታ ከእናንተ የበለጠ የማከብረው ሰው የለም።

አስቀድሜ የዚህ እንግዳ ማረፊያ ባለቤት ወይዘሮ ክሎሪንዳን አመሰግናለሁ። አራት ዓመት ሙሉ ሳህን ይዤ በቆምኩበት ክፍል ዛሬ አስቀምጠው አበሉኝ። ተቀምጦ ሲያዩት ክፍሉ ለካ ሰፊ ነው። እትዬ ቴክላም እግዜር ይስጥልኝ። በጥብስ ቅጠል የሠራሽው ጥንቸል ከሮም ለመጡ እንግዶች ብቻ የምታወጪው ዓይነት ነው፤ አውቄዋለሁ። ጋሼ ኤውሴቢዮ፣ እርስዎም በቅሎዎን ከመንገድ አስቀርተው ስለመጡ አመሰግናለሁ። ሁላችሁ አዋጥታችሁ የገዛችሁልኝን የሱፍ ሻርፕ አሁን አልለብሰውም። ለምን እንደሆነ ቆይቼ እነግራችኋለሁ።

የምሄድበትን ምክንያት ሁላችሁም ታውቃላችሁ። ናዳው ከወረደ ወዲህ እናቴና ጋሼ ኤውሴቢዮ ሲከራከሩባቸው የከረሙት አምስቱ የወይራ ዛፎች የእኛ ናቸው ተብሏል። ነገ ሰኞ ዳኛው ከታች ከተማ መጥተው ይፈርማሉ። ለቀማው ሳይጀመር እናቴ እቤት ትፈልገኛለች። ጋሼ ኤውሴቢዮም እዚሁ ፊት ለፊቴ ተቀምጠዋል፤ ቅድም "ለዶሚቲላ ጤና!" ብለው ብርጭቆ አንሥተውልኛል።

ከመሄዴ በፊት የምናገረው አንድ ነገር አለኝ። ግን ትንሽ ልዙር። ድፍረት ለእኔ ቶሎ አይመጣልኝም።

ጀርመኑ የመጣበት ቀን ትዝ ይላችኋል? ባለፈው ዓመት በግንቦት ነበር፤ በጋሼ ኤውሴቢዮ በቅሎ ላይ፣ ፊቱ በፀሐይ እንደ ቲማቲም ቀልቶ። ጎትሎብ የሚባለውን ስሙን እንኳ ማንም አልጠራለትም፤ እስኪሄድ ድረስ "ጀርመኑ" ነበር። ጋሼ ኤውሴቢዮ ሻንጣውን ደጃፍ ላይ አስቀምጠው ወገባቸውን ይዘው፣ "ሰውዬው ላባ ነው፤ ሻንጣው ግን የቤተ ክርስቲያን ደወል ነው። ምን ይዞ ነው የመጣው?" አሉ።

እትዬ ቴክላ ከፈተችው። (አልከፈትኩም እንዳትይ፤ አይቼሻለሁ።)

"ወረቀት!" አለች። "አንድ ሻንጣ ሙሉ ወረቀት! ጠበቃ ነው ወይስ እብድ?"

"ሠዓሊ ነው" አሉ ወይዘሮ ክሎሪንዳ።

"ታዲያ ቀለሙስ የታለ?"

ቀለም አልነበረውም። የነበረው አንድ የቆርቆሮ ሣጥን እርሳስ ነው። ወይዘሮ ክሎሪንዳ በርጩማውንና ጃንጥላውን እንድሸከምለት እኔን አዘዙኝ። "ይቺ አትለፈልፍበትም፤ ሥራ አታስፈታውም" አሉ። ሰው ስለ ዝምታዬ በደግ ሲናገር ስሰማ የመጀመሪያዬ ነበር።

በማግስቱ ገና ጎሕ ሲቀድ ከመንደሩ ማዶ ያለው ሰፊ ድንጋይ ላይ ወጣን። እርሳሱን በቢላ ቀረጸው፤ ከዚያ ጠጠር ላይ እያሸ እንደ መርፌ አሾለው። አሁን ሊጀምር ነው ስል ዝም ብሎ ተቀመጠ። ፀሐይዋ ከጸሎት ቤቱ ጣሪያ ወርዳ ግድግዳው ላይ እስክትደርስ ኮረብታውን ብቻ አየ። ያመመው መስሎኝ ደነገጥኩ።

ለምሳ ስመለስ እትዬ ቴክላ ያዘችኝ።

"ጠዋቱን ሙሉ ምን ሠራ?"

"አየ።"

"ምኑን?"

"ኮረብታችንን።"

"ይሄን ለማየት ነው ከጀርመን ድረስ የመጣው? እኔ ሃምሳ ዓመት ሙሉ በነጻ አየሁት እኮ!"

እሷ እንዳለችው እኛ በነጻ ስናየው ኖረናል። ግን አይተነው ነበር ወይ? እኔ የተወለድኩበትን ኮረብታ ያየሁት በዐሥራ አምስት ዓመቴ ነው፤ ሰውዬው ጀርባ ተቀምጬ።

የዳቦውን ነገር አሁን ብንስቅበትም ያኔ አልሳቅንም። በየጠዋቱ ሁለት ቁራሽ ዳቦ ከወጥ ቤት እወስዳለሁ፤ ጀርመኑ ደግሞ ማታ ራት ላይ እንዳልበላ ሰው ይበላል። እትዬ ቴክላ ቆጠረች። በአራተኛው ቀን መሶቡ አጠገብ ቆማ ጠበቀችኝ።

"አንቺ ልጅ፣ ሆድሽ ውስጥ ተኩላ አለ ወይስ ዳቦው እናትሽ ቤት ነው የሚሄደው?"

ሌባ ከመባል ይልቅ መናገር ይሻላል። "ወረቀቱን ይጠርግበታል" አልኩ።

"ምኑን?"

"የተሳሳተውን። የዳቦውን ልብ አውጥቶ ያድበለብለውና መስመሩን ያሽበታል፤ መስመሩ ይጠፋል።"

አማተበች። ከዚያ እጇ ሊጥ እንደነካ ደረጃውን ወጥታ የክፍሉን በር ደበደበች። "ጌታዬ! እዚህ አገር ዳቦ ሲወድቅ አንሥተን እንስመዋለን! እርስዎ ለወረቀት ያበሉታል?" ጀርመኑ ከተናገረችው ግማሹንም አልሰማም፤ ግን ፊቷን አይቶ ገባው። ባርኔጣውን አውልቆ ይቅርታ ጠየቀ። በመጨረሻ ተስማሙ፤ ዳቦው የደረቀ ይሆናል፣ የጠቆረውም ፍርፋሪ ለዶሮዎቹ ይመለሳል። ጋሼ ኤውሴቢዮ እስከ መስከረም ድረስ እንቁላል በቀረበላቸው ቁጥር አስኳሉን ገልጠው "ገና አልጠቆረም" ይሉ ነበር።

እንግዲህ ያን በጋ የተማርኩትን ልንገራችሁ? ብዙ አይደለም። የወይራ ቅጠል ሁለት ፊት እንዳለው፣ ላዩ ጠቆር ታቹ ነጣ እንደሚል፣ ነፋስ ሲመጣ ዛፉ ሁሉ ድንገት የሚነጣው ለዚያ እንደሆነ ተማርኩ። የሩቁ ተራራ ከቅርቡ ይልቅ ፈዘዝ እንደሚል ተማርኩ። ቅጠል ይቆጥራል ብላችሁ ትቀልዱበት ነበር፤ አዎ፣ ይቆጥር ነበር። አንዲት ቅርንጫፍ አንድ ጠዋት ትፈጅበታለች። እኔ ስቁነጠነጥ፣ በዚያ በተሰባበረ አነጋገሩ "ዶሚቲላ፣ ቀስ። ዛፍ አይሮጥም" ይለኝ ነበር።

አንድ ቀን ሥዕሉ ውስጥ ያለውን የጸሎት ቤት ግድግዳ አሳየኝ። የቀትር ፀሐይ መትቶት ዓይን ይወጋ ነበር፤ በእርሳስ ብቻ በተሠራ ሥዕል!

"ብርሃኑን በምን ሣሉት?" አልኩት።

"አልሣልኩትም። ተውኩት።"

ጠጋ ብዬ አየሁት። ባዶ ወረቀት ነበር። ዙሪያውን ሁሉ አጥቁሮ ግድግዳውን ሳይነካው ትቶታል። ያን ቀን ወደ ቤት ስመለስ አለቀስኩ። ለምን እንዳለቀስኩ እስካሁን አላውቅም፤ ኀዘን ግን አልነበረም።

ሥዕሉ ሲያልቅ እዚህ ገበታ ላይ ዘረጋው። ሁላችሁም ነበራችሁ። ቄሱ መነጽራቸውን አድርገው "የወደቀችዋ የጣሪያዬ ሸክላ! ቦታዋ ሳይቀር!" አሉ። ጋሼ ኤውሴቢዮ ጉንዳን የምታህል ነገር መንገዱ ላይ አዩና "ይቺ የእኔ በቅሎ ናት፤ ጆሮዋን እዩት፣ ግራው ይንጠለጠላል" ብለው ጮኹ። እትዬ ቴክላ ደግሞ ገመድ ላይ የተሰጣ ነገር አይታ ቀላች። "ኧረ ጉድ! የውስጥ ቀሚሴ ነው! ዳቦ አምጡለት፣ ይጥረገው!"

ወይዘሮ ክሎሪንዳ መንገዱ ላይ ጎንበስ አሉ። ቆይተው "ባሌ በሕይወት እያለ ይቺን መንገድ በየቀኑ ይወጣት ነበር" አሉ። በነሐሴ ጀርመኑን ወባ ጥሎት ሦስት ሳምንት አስታመሙት፤ ድኖ ሲነሣ ይህን ሥዕል የተወላቸው ለዚህም ለዚያም ይመስለኛል። ለራሱ ሌላ ወረቀት አምጥቶ፣ ሥዕሉን የመስኮቱ መስታወት ላይ አስደግፎ ቀዳው። ዋናውን ለእኛ ትቶ ቅጂውን ይዞ ወደ አገሩ ሄደ። እነሆ፣ ከራሴ በላይ ተሰቅሏል።

አሁን ወደ ከባዱ ነገር ልምጣ። ውኃ ልጠጣ።

በጥር ናዳው ወረደ። የድንጋዩን ካብና ድንበር የነበረውን ጥድ ከነሥሩ ይዞት ወደ ገደሉ ገባ፤ አምስቱ ወይራዎች ግን ተረፉ። የእኛም የጋሼ ኤውሴቢዮም የርስት ወረቀት የሚለው አንድ ነገር ነው፤ "እስከ ጥዱ"። ጥዱ ከሌለ ድንበሩ የት ነው? ዛፎቹን የዛሬ ዘጠኝ ዓመት ውርጭ መትቷቸው ከጉቶአቸው እንደገና ያቆጠቆጡ ናቸው፤ እስከ ዘንድሮ ፍሬ አልያዙም፤ ስለዚህ ማን ይለቅማቸው እንደነበር የሚያስታውስ ሰው የለም። አባቴ ሞቷል። ጋሼ ኤውሴቢዮ ዕድሜያቸውን በመንገድ ጨርሰዋል። እናቴ "ከጥዱ ወዲህ ናቸው፣ የእኛ ናቸው" አለች። እሳቸው "የለም፣ ከጥዱ ወዲያ ናቸው" አሉ። የመንደሩ ሰው ግማሹ እዚህ ነበር፣ ግማሹ እዚያ ነበር አለ። ሁሉም ከልቡ ነው የተናገረው፤ የዋሸ አልነበረም።

ዘንድሮ በነሐሴ ዳኛው ለምርመራ መጥተው እዚሁ ምሳ በሉ። ቀና ሲሉ ሥዕሉን አዩት። ማንኪያቸውን አስቀመጡ።

"ይህ ያ ቦታ አይደለም?"

"ነው፣ ክቡርነትዎ" አሉ ወይዘሮ ክሎሪንዳ።

"ጥዱም አለ። የሣለው ሰው ምን ያህል ይታመናል?"

ከዚያማ ሁላችሁም በአንድ አፍ ተናገራችሁ። ስለ ሸክላዋ፣ ስለ በቅሎዋ ጆሮ፣ ስለ ቀሚሱም ጭምር! "ቅጠል ይቆጥራል እኮ!" "ያላየውን አይሥልም!" ዳኛው ሥዕሉ ላይ ጣታቸውን አሳረፉ። ጥዱ ከአምስቱ ወይራ ወዲያ፣ በጋሼ ኤውሴቢዮ ቤት በኩል ቆሟል። አምስቱም ከጥዱ ወዲህ ናቸው፤ የእኛ ናቸው።

ያን ጊዜ፣ ጋሼ ኤውሴቢዮ፣ ምን እንዳሉ እኔ አልረሳውም። ባርኔጣዎን አወለቁና ለረጅም ጊዜ አዩት። "ጀርመኑ እንዲህ ካየው፣ የተሳሳትኩት እኔ ነኝ" አሉ። "የመንገደኛ ዓይን አቧራ ነው።" ከእናቴ ጋር ተጨባበጡ። አልተቆጡም። ያኔ ቢቆጡ ኖሮ ዛሬ ይቀለኝ ነበር።

ጉልበትዎ እንደሚያምዎ ሁላችንም እናውቃለን። ዛፎቹ ፍሬ ሲይዙ መንገዱን እተዋለሁ፣ እያሉ ስንት ጊዜ በዚያ ምድጃ ዳር ነግረውኛል? ባለፈው ማክሰኞ ግን በቅሎዎ ላይ መሰላል ጭነው ደጃችን መጡ። የለቀማ መሰላልዎን። "እንግዲህ እኔ ምን አደርግበታለሁ፤ ለእናትሽ ስጫት። ሦስተኛው እርከን ይንቀጠቀጣል፣ ተጠንቀቁ" ብለውኝ ሄዱ።

ጋሼ ኤውሴቢዮ፣ መሰላሉን መልሰው ይውሰዱት። አልተሳሳቱም።

ይህን ዓረፍተ ነገር ለመጻፍ ሦስት ወረቀት አበላሽቻለሁ።

ጀርመኑ ጥዱን መጀመሪያ የሣለው የነበረበት ቦታ ላይ ነው። ከዚያ ድንጋይ ላይ ሆኖ ለሚያይ ሰው ጥዱ የጸሎት ቤቱ ደወል ፊት ተገትሮ ይጋርደዋል። ይህን የሚያውቀው እዚያ የተቀመጠ ብቻ ነው፤ እሱና እኔ። አንድ ሙሉ ጠዋት ሠራው። ሲጨርስ ወደ ኋላ ዞሮ፣ "ዶሚቲላ፣ ደስ አለሽ? እውነት ንገሪኝ" አለኝ።

በሕይወቴ ማንም እንዲህ ብሎ ጠይቆኝ አያውቅም። በዚህ ቤት የምጠየቀው "ውኃው ፈላ?" ነው። አየሁትና "ጥዱ ደወሉን ይጋርደዋል" አልኩ።

"እና?"

"ወደ ቀኝ ቢሆን… ከወይራዎቹ ወዲያ። እዚያ ባዶ ነው። ደወሉም ይታያል።"

ጀርመኑ ዓይኑን ጨፍኖ ከፈተ። ሳቀ። "ዳቦ!" አለኝ። ዳቦውን ሰጠሁት፤ ጥዱን ጠረገው። ሊሥለው ሲጀምር ግን ፈራሁ፤ "እዚያ እኮ አይደለም ያለው" አልኩ።

"ግድ የለም፤ ጥዱ አይከሰንም" አለኝ።

እዚያ ቦታ ሲቆም ሥዕሉ ሁሉ ተነፈሰ። እንዴት እንደምላችሁ አላውቅም። ኮረብታው ተደላደለ፣ ደወሉ ታየ፣ መንገዱ የት እንደሚሄድ ታወቀ። እንግዶች መጥተው "ይህ ጥድ እንዴት ያምራል!" ሲሉ፣ ሳህን ይዤ ቆሜ፣ በልቤ "የእኔ ነው" እል ነበር። በዚህ ቤት የሠራሁት፣ ነገ የማይታጠብና የማይጠረግ ሥራ እሱ ብቻ ነው።

ታዲያ በነሐሴ ዳኛው ፊት ለምን ዝም አልኩ? እኔም ራሴን እጠይቃለሁ። አንደኛ፣ ዝምታ ልማዴ ነው። ሁለተኛ፣ እናቴ እያለቀሰች ነበር፤ ከአባቴ ሞት ወዲህ በደስታ ስታለቅስ አይቻት አላውቅም። ሦስተኛውን ለመናገር አፍራለሁ፤ ሥዕሉ እንዲወቀስ አልፈለግኩም። "ለካ ውሸታም ነው" ብላችሁ እንዳታወርዱት ፈራሁ። ከዚያ በኋላ ደግሞ ምናልባት የረሳሁት እኔ ነኝ፣ ምናልባት ሕልም ነው እያልኩ ራሴን አባበልኩ። ያን ጊዜ ሁሉም ሰው ከዓይኑ ይልቅ ወረቀቱን አምኖ ነበር፤ እኔም ላምን ሞከርኩ።

ትናንት ከሰዓት በኋላ ለዛሬው ግብዣ ክፍሉን ሳጸዳ፣ ሥዕሉን ከመስታወቱ አውጥቼ አቧራውን አራገፍኩ። መስኮቱ ግማሹ ተዘግቶ ነበር፤ ብርሃኑ በጎን ገባ። ደወሉ ላይ አንድ ነገር አየሁ። ዳቦ ጥቁሩን ይወስዳል እንጂ ጠንካራ እርሳስ ወረቀቱ ላይ የጫረውን አይወስድም። ፊት ለፊት ሲያዩት ምንም የለም። አጋድመው በጎን ብርሃን ሲያዩት ግን የመጀመሪያው ጥድ ከነቅርንጫፉ ቆሟል። ነጭ ሆኖ፣ ደወሉ ፊት፣ ከአምስቱ ወይራ ወዲህ። ከዚያ በኋላ ረሳሁ ማለት አልቻልኩም።

ዛሬ ጠዋት ለእናቴ ነገርኳት። ባቄላ ትፈለፍል ነበር። እጇ አልቆመም።

"ጀርመኑ ራሱ ነው ያነሣው?" አለችኝ።

"እኔ ነኝ ያስነሣሁት።"

"እግዜር የላከልን ወረቀት ነው ብዬ ሻማ አብርቼ ነበር።"

"አውቃለሁ፣ እማዬ።"

ባቄላው አለቀ፤ ልጣጩን መፈልፈል ጀመረች። ከዚያ "ሻማውን መልሼ አልጠይቅም" አለች። "ሂጂ፤ ምሳውን ብዪ፤ ንገሪያቸው። እኔ የኤውሴቢዮን ፊት ዛሬ ማየት አልችልም። መሰላሉን ደጃፍ ላይ አውጥቼዋለሁ በዪው።"

ጋሼ ኤውሴቢዮ፣ መሰላሉ እናቴ ደጃፍ ላይ ነው።

ወይዘሮ ክሎሪንዳ፣ ቦታዬን ለእኅትዎ ልጅ እንደሰጡ አውቃለሁ፤ ማክሰኞ ትመጣለች። እንዳይነሷት። እኔ ሌላ ቦታ እፈልጋለሁ፤ ሰፌድም በርጩማም መሸከም እችላለሁ፤ እርሳስ ማሾልም ለምጃለሁ። ሻርፑን ያልለበስኩት ለዚህ ነው። ባለ ወይራ ሆና ለምትሄድ ልጅ የገዛችሁት ነው፤ እኔ እሷ አይደለሁም። ከዚህ በኋላም ልትሰጡኝ ከፈለጋችሁ ግን እወስደዋለሁ፤ የብርዱ ወራት ቀርቧል፤ ቀለሙም ያምራል።

አንድ ነገር ብቻ እለምናችኋለሁ። ሥዕሉን አትቀየሙት። ጀርመኑ የጣሪያዋን ሸክላ አልዋሸም፤ የበቅሎዋን ጆሮ አልዋሸም፤ የወይራውን ቅጠል ሁለቱንም ፊት ሣሎታል። እሱ ሥዕል ሠራ እንጂ ምስክር ልሁን አላለም፤ ምስክር ያደረግነው እኛ ነን። በጣም ስለወደድነው ነው መሰለኝ። እኔ አሁንም ጥዱ እዚያ ሲቆም ያምራል እላለሁ። ለሥዕሉ ያምራል፤ ለድንበር አይሆንም። ሁለቱን ለይቶ ለመናገር አንድ ዓመት ፈጀብኝ፤ ብዙ ነው፤ ይቅር በሉኝ።

እንግዲህ ልመርቃችሁ፤ ትንሽ ብሆንም። እትዬ ቴክላ፣ እሳትሽ አይጥፋ፤ ቁራሽ የምትቆጥሪበት ቀን አይምጣ፤ የሚስቅልሽ ሰው ከምድጃሽ አይጥፋ። ወይዘሮ ክሎሪንዳ፣ ደጅዎ እንግዳ አይጣ፤ የሚያስታምሙት ሁሉ ድኖ ይነሣ፤ ያቺን መንገድ ባዩ ቁጥር የሚወዱት ሰው ሲወጣባት ይታይዎ። ጋሼ ኤውሴቢዮ፣ ጉልበትዎ ይጽና፤ ወይራዎ ፍሬ ይያዝ፤ በቅሎዎም በእርጅናዋ ጥላ ሥር ቆማ ሣር ትብላ። የሁላችሁም ዓይን ጤና ይሁን። አንዳንድ ጠዋት ሥራ ሳትጀምሩ ኮረብታውን ትንሽ እዩት። በነጻ ነው።

ነገ ዳኛው ሲመጡ ፀሐይዋ ገና በምሥራቁ መስኮት ትሆናለች። አንዱን መዝጊያ እዘጋለሁ። ወይዘሮ ክሎሪንዳ ከፈቀዱልኝ ሥዕሉን ከግድግዳው አወርደውና ብርሃኑ በጎን እንዲመታው አጋድሜ እይዘዋለሁ። ያለ ወረቀት፣ ቀና ብዬ፣ "ክቡርነትዎ፣ ጥዱ የነበረው እዚህ ነው፤ ከዚህ ያስነሣሁት እኔ ነኝ" እላለሁ።